ስንት ደቂቃ ማፈር ትችላላችሁ? የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ቴሌቪዥን ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ሊያዋርድ ሲል ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንዱ ወደ ስክሪኑ ይጠጋል። አንዳንዱ ትራሱን ፊቱ ላይ ይለጥፋል። ሌላው ድንገት ውሃ ይጠማውና ትዕይንቱ እስኪያልፍ ወጥ ቤት ይቆያል። ሁሉም ሳቅ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ኮሜዲ አይመከርም።

"አሪፍ ኮሜዲ ንገረኝ" ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ ይህን የምጠይቀው ለዚህ ነው። የምርጦች ዝርዝር የሚባለው ነገር እምብዛም አይጠቅምም። ዓለም ያደነቀውን ተከታታይ ከፍቶ፣ በአስር ደቂቃ ዘግቶ፣ "እኔ መቼም የፈረንጅ ቀልድ አይገባኝም" የሚል ሰው ሞልቷል። ገብቶታል እኮ! ከሚችለው በላይ ስለገባው ነው የዘጋው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸውን ሥራዎች የለካሁት በጥራታቸው ሳይሆን በእፍረታቸው መጠን ነው። የሚያፍረው ማነው? ለስንት ደቂቃ? መውጫስ አለው? የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ "ዘ ኦፊስ"

ክሪንጅ ኮሜዲ፣ ማለትም ሌላው ሲዋረድ እኛ እያፈርን የምንስቅበት ኮሜዲ፣ ሲባል ከእነዚህ ሁለቱ መጀመር የግድ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ አገሩና መጠኑ ግን ሁለት።

የእንግሊዙ በ2001 በቢቢሲ ጀመረ። ጸሐፊዎቹ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት ናቸው። ቦታው ስላው በምትባል ከተማ ያለ የወረቀት ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። አቀራረጹ ዘጋቢ ፊልም ያስመስለዋል። የተመልካች ሳቅ የለውም። ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ብሬንት ራሱን እንደ ቀልደኛ፣ እንደ ሙዚቀኛ፣ እንደ ሠራተኞቹ ጓደኛ ነው የሚያየው። ቀልድ ተናግሮ ዙሪያውን ያያል። ሠራተኞቹ ዝም ይላሉ። ካሜራው አይሸሽም፤ ዝምታው ላይ ይቆያል። የሚያስቀው ያ ዝምታ ነው፤ የሚያሳቅቀውም እሱው።

በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ሌሎች ደንሰው ሲጨበጨብላቸው ያያል። እኔስ ከማን አንሼ ብሎ ይነሳል። ያን ዳንስ ያየ ሰው አይረሳውም። በዚያው ክፍል፣ ሰጎን የጋለበ የሚያስመስል ልብስ ለብሶ እያለ፣ ከሥራ መቀነሱ ይነገረዋል። ሳቁና እዘኑ ይላችኋል፣ በአንድ ጊዜ።

የአሜሪካው በ2005 ኤንቢሲ ላይ ጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል የእንግሊዙ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል፤ ስቲቭ ካሬልም የብሬንትን ኮት የተዋሰ ይመስላል። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን አዘጋጆቹ ነገሩን አለዘቡት። ካሬል የሚጫወተው ሥራ አስኪያጅ ማይክል ስኮት አሁንም ያሳፍራል፤ ግን ሽያጭ ላይ ጎበዝ ነው፣ ልጅ ይናፍቃል፣ ሠራተኞቹን ከልቡ ይወዳል። በየሳምንቱ ትንሽ ይቅርታ ይሰጠዋል። ለብሬንት ግን ይቅርታው እስከ መጨረሻው ድረስ በዱቤ ነው።

የቱን ልምረጥ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ጊዜያችሁን ቁጠሩ። የእንግሊዙ 12 ክፍልና በ2003 መጨረሻ የወጣ ሁለት ክፍል የገና ልዩ ዝግጅት ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። የአሜሪካው 201 ክፍል ነው፤ እስከ 2013 ሄዷል። እኔ የእንግሊዙን አስበልጣለሁ። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ግን የአሜሪካውን ነው፤ ያውም ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ። የመጀመሪያውን ዝለሉት፤ ምንም አይቀርባችሁም። ካሬል በ2011 ከወጣ በኋላ ያለውንም ለአፍቃሪዎቹ ተዉላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በስድስተኛው ምዕራፍ ውስጥ "ስኮትስ ቶትስ" የሚባል ክፍል አለ። ማይክል ከአስር ዓመት በፊት ለአንድ ክፍል ሕፃናት፣ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሳችሁ የኮሌጅ እከፍልላችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ልጆቹ ጨረሱ። ገንዘቡ የለም። ልጆቹ ሊያመሰግኑት ዘፈንና ጭፈራ አዘጋጅተው ይጠብቁታል። እሱ ደግሞ የላፕቶፕ ባትሪ ይዞላቸው መጥቷል። ሌላውን ሁሉ ወደው ይህን አንዱን ክፍል የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም። ያውም በሰው ፊት የተገባ ቃል ምን እንደሚከብድ የምናውቅ ሰዎች!

እንግዳ ተጠርቶ ምግብ ሲጠፋ

የእፍረት መጠን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለት ክፍሎች አሉ፤ በመሃላቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ልዩነት አለ። የሁለቱም ጣጣ አንድ ነው፤ እንግዳ ቤት ገብቷል፣ ምግብ የለም።

የመጀመሪያው "ፎልቲ ታወርስ" ከሚባለው የእንግሊዝ ሲትኮም ነው። ጆን ክሊዝና የያኔዋ ባለቤቱ ኮኒ ቡዝ ናቸው የጻፉት። ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ባለቤት ቤዝል ፎልቲ ለሀብታም የሚያጎበድድ፣ ሌላውን እንግዳ የሚጠላ ሰው ነው። በ1975ቱ "ጉርሜ ናይት" በተሰኘ ክፍል፣ ምርጥ ምርጥ ሰዎችን ራት ይጋብዛል። በዚያችው ምሽት ወጥ ሠሪው ይሰክራል። ቤዝል ዳክዬ ከጓደኛው ምግብ ቤት ሊያመጣ በመኪና ይሮጣል። መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ይመክራታል፣ ይቆጣታል፣ እስከ ሦስት ይቆጥርላታል። ከዚያ የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይመጣና ይገርፋታል። በመጨረሻ እንግዶቹ ፊት ክዳኑን ሲከፍት የተገኘው ዳክዬ አይደለም፤ ኬክ ቢጤ ጣፋጭ ነው።

ሁለተኛው ከአሜሪካው ኦፊስ የ2008ቱ "ዲነር ፓርቲ" ነው። ማይክል ሠራተኞቹን ጂምንና ፓምን እንዳያመልጡት በውሸት የቅዳሜና እሁድ ሥራ አለ ይልና፣ ሌላ ቀጠሮ እንደሌላቸው ካረጋገጠ በኋላ ራት ይጠራቸዋል። ቤት ሲደርሱ ስጋው ገና ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ማይክልና ፍቅረኛው ጃን በእንግዶቹ ፊት ይነካከሳሉ። ማይክል ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሚጢጢ ቴሌቪዥን በኩራት ያሳያቸዋል። ጃን የቀድሞ ረዳቷን ሙዚቃ ደጋግማ ትከፍታለች። ማንም አይሮጥም፤ ማንም አይጮህም፤ መጨረሻው እስኪደርስ ድረስ። እንግዶቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ወይን ይጠጣሉ፣ ይተያያሉ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። ቤዝል ሲዋረድ ነገሩ ፈጣን ነው፤ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሳህን ይወድቃል። ከስቱዲዮው የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ያ ሳቅ "አይዞህ፣ ጨዋታ ነው" ይላችኋል። ማይክል ቤት ግን የሚስቅላችሁ የለም። ብቻችሁን ናችሁ። እናንተም ሶፋው ላይ የተቀመጣችሁ ያህል ነው፤ "ኧረ እኛ እንሂድ፣ መሽቷል" ማለት አምሯችሁ።

በመጀመሪያው የምትስቁ፣ በሁለተኛው የምትቁነጠነጡ ከሆነ፣ የፎልቲ ሰው ናችሁ። በ1975ና በ1979 የተሠሩት በድምሩ 12 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከአሥራ ሁለቱ አንድ የወደቀ አለ ብዬ አላምንም። ቋንቋ የማይችለው ስፔናዊ አስተናጋጅ ማኑኤል ሲደበደብ ግን፣ በሰው አገር ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው እንደ ሌላው ላይስቅ ይችላል። እዚያ ላይ አልከራከርም።

ይሉኝታ ያልፈጠረበት ሰው

ላሪ ዴቪድ ለብቻው ክፍል ይገባዋል። "ሳይንፌልድ" የሚባለውን የአሜሪካ ሲትኮም ከጄሪ ሳይንፌልድ ጋር የፈጠረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከ2000 እስከ 2024 ኤችቢኦ ላይ "ከርብ ዩር ኢንቱዚያዝም"ን ሠራ። ራሱን ሆኖ ነው የሚተውነው። የታሪኩ አካሄድ አስቀድሞ ይጻፋል፤ ንግግሩን ግን ተዋንያኑ እዚያው ይፈጥሩታል። ሰዎች እርስ በርስ ሲቋረጡ፣ ሲደጋገሙ፣ ሲንተባተቡ የምትሰሙት ለዚህ ነው። እንደ ቤት ጠብ ነው።

ብሬንት እንዳሳፈረ አያውቅም። ላሪ በደንብ ያውቃል፤ ደንቡን አልቀበልም ብሎ ነው። መንገድ ላይ ከሚያውቀው ሰው ጋር ቆሞ ማውራት አይፈልግም። "ሰላም ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ነው?" የሚለው ሰላምታ ለእሱ ቅጣት ነው። ሲያልፍ ያልፋል። ሰዎች ይቀየሙታል። እሱ ምን አጠፋሁ ይላል።

የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሰልፍ ላይ፣ ፊት የቆመን ሰው የማውቅህ መሰለኝ ብሎ ሰላም እያለ፣ ወሬ እያስረዘመ፣ ቀስ ብሎ ቦታ የሚይዝ ሰው አለ። ላሪ ይህን ብልጥ ያጋልጠዋል። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ ቆሞ ባያጨበጭብ ይገርመኛል። እኛ "ተወው፣ ምን አስጨነቀህ" ተብለን የዋጥነውን ሁሉ እሱ አይውጥም። ስለዚህ የምታፍሩት በእሱ ብቻ አይደለም። ከእሱ ጋር ስለተስማማችሁም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የእኛ የቀልድ ጀግና አሸናፊ ነው። የአለቃ ገብረሃና ቀልዶችን አስታውሱ፤ መጨረሻ ላይ አፉን ይዞ የሚቀረው ሌላው ነው እንጂ አለቃ አይደሉም። በቴሌቪዥንም ሲትኮሞቻችን በብዛት የሚያስቁን በሰላ አፍ ነው። ፋና ላይ ይታይ የነበረው "ምን ልታዘዝ" ካፌ ውስጥ ሆኖ ፖለቲካውን ሲጎሽም የነበረው በአሽሙር ነበር። ክሪንጅ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚናገረው ሰው ራሱ ተሸናፊው ነው፤ መሸነፉንም የሚነግረው የለም። ለአሽሙር የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ "ቀልዱ የታለ?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በዚህ ምክንያት ከርብን ለጀማሪ አልመክርም፤ አፉም ባለጌ ነው። ከእናት ከአባት ጋር ፈጽሞ።

በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ እፍረት

ረጅሙን የማትችሉ ከሆነ አጭር ጭውውት አለላችሁ። ጭውውት ምሕረቱ ማጠሩ ነው። ሰውየውን አታውቁትም፤ ነገም አታገኙትም። ደረጀና ሀብቴን በኢቲቪ እያዩ ያደጉ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ሁለት ሰው፣ አንድ ጣጣ፣ ቶሎ መጨረስ።

ከውጪዎቹ መጀመሪያ የምሰጣችሁ "ኪ ኤንድ ፒል"ን ነው። ኪገን ማይክል ኪና ጆርዳን ፒል ከ2012 እስከ 2015 ኮሜዲ ሴንትራል ላይ ሠሩት። ፒል በኋላ አስፈሪ ፊልም ወደ መሥራት ሄዶ ኦስካር የወሰደው ሰውዬ ነው። ከጭውውቶቻቸው አንዱ ለብዙ ሐበሻ ቤት የተሠራ ይመስላል። ለዓመታት ጥቁሮች በሚበዙበት የከተማ ትምህርት ቤት ያስተማረ ተተኪ መምህር ነጮች የሞሉበት ክፍል ይገባና ስም ይጠራል። ኤረን የሚለውን ተራ ስም "ኤ-ኤ-ሮን" ይለዋል። ብሌክን "ባላኬ" ያደርገዋል። ልጆቹ ሲያርሙት ይቆጣል፤ የሚያሾፉበት ይመስለዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል ያደገ፣ መምህሩ የስም ዝርዝሩን እያነበበ ድንገት ጸጥ ሲል "እኔን ነው" ብሎ እጁን ያወጣ ልጅ፣ ይህን በነጻ አይስቀውም። በቀሉን ነው የሚስቀው።

ሞንቲ ፓይተን ሌላ ነው። በ1969 ቢቢሲ ላይ ጀምሮ እስከ 1974 ድረስ 45 ክፍል ወጥቶታል። እዚያ ማንም አያፍርም፤ ነገሩ ሁሉ እብደት ስለሆነ የሚያፍር ጤነኛ የለም። የሞተ በቀቀን የተሸጠለት ደንበኛ ሊመልስ ይመጣል፤ ሻጩ "ተኝቶ ነው" ይላል። የአካሄድ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ሥራው አስቂኝ አረማመድ ማሳደግ ነው። ቢሮክራሲ ያንገላታው ሰው ይህኛውን ይወዳል። እውነቱን ለመናገር ሙሉ ክፍሎቹን መቀመጥና ማየት ዛሬ ያደክማል። ብዙው አርጅቷል፤ ጭውውቶቹም ሆን ተብሎ መዝጊያ የላቸውም። ተመርጠው የተለቀቁትን በዩቲዩብ እዩ። ሳተርዴይ ናይት ላይቭንም እንደዚያው። ከ1975 ጀምሮ በቀጥታ የሚተላለፍ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ዝግጅት ነው። አንድ የሚያስቅ ለማግኘት ሦስት ቀዝቃዛ ማለፍ አለባችሁ፤ ፖለቲካውም የራሳቸው ነው።

አሁን ደግሞ በረጅሙ እፍረትና በአጭሩ ጭውውት መካከል የቆመውን ልንገራችሁ። የቲም ሮቢንሰን "አይ ቲንክ ዩ ሹድ ሊቭ" ኔትፍሊክስ ላይ በ2019 ወጣ። አንድ ምዕራፍ ስድስት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ከሃያ ደቂቃ ያነሰ ነው። የመጀመሪያው ጭውውት እንዲህ ነው። አንድ ሰው የሥራ ቃለ መጠይቅ በደንብ ጨርሶ ሊወጣ ነው። መግፋት ያለበትን በር ይጎትታል። "ይቅርታ" ብሎ መግፋት ይችል ነበር። አይልም። በሁለቱም በኩል ይከፈታል ብሎ ድርቅ ይላል። መጎተቱን ይቀጥላል፤ በሩ እስኪሰበር። ሌላ ደግሞ አለ። ሆትዶግ የሚመስል መኪና ሱቅ ጥሶ ይገባል። ማን ነው የነዳው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሆትዶግ የለበሰው ሰውዬ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ጥፋተኛውን ሊያፈላልግ ይነሳል። ይህ ዴቪድ ብሬንት ነው፤ በሦስት ደቂቃ ታሽጎ። በሩ ላይ ከሳቃችሁ የእንግሊዙን ኦፊስ ትችሉታላችሁ። ሆዳችሁን ከቆረጣችሁ ወደ ኪ ኤንድ ፒል ተመለሱ።

ከማን ጋር?

ብቻን ማየትና ከሰው ጋር ማየት አንድ አይደለም። እፍረት በቡድን ሲሆን ይብሳል፤ የጎናችሁን ሰው ፊት እያያችሁ ነዋ።

ሕፃናትና ሽማግሌ አንድ ሳሎን ውስጥ ካሉ ጥያቄ የለውም፤ ሚስተር ቢን ነው። ሮዋን አትኪንሰን ከ1990 እስከ 1995 በሠራቸው 15 ክፍሎች ውስጥ ንግግር ከስንት አንዴ ነው፤ ትርጉምም ሆነ አስተርጓሚ አያሻም። የመጀመሪያው ክፍል ፈተና ላይ ሊኮርጅ ሲታገልና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንቅልፍ ሲጥለው ያሳያል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያንቀላፋ ሰው ሁሉ የቢንን ስቃይ ያውቀዋል። እፍረቱ አለ፤ ግን ቢን እንደ ሕፃን ስለሆነ ማንም አይሳቀቅለትም።

ከአገር ውጭ ያደጉ ልጆችና ወላጆቻቸው አብረው ሊያዩ ከሆነ "ነብሱ"ን ፈልጉ። የእስራኤል ሲትኮም ነው፤ ዮሲ ቫሳ ከፈጠሩት አንዱ ነው፣ ይተውንበታልም። ባልየው ቤተ እስራኤል፣ ሚስቱ ከአውሮፓ የመጡ አይሁድ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓይነት አማቾች በአንድ ታሪክ። በ2018 በምርጥ ኮሜዲ ዘርፍ ዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት አሸንፏል። አማች ፊት መሸማቀቅ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ክሪንጅ የማይወድ ሐበሻ እንኳ ይህን ይችለዋል ባይ ነኝ።

ባልና ሚስት ሆናችሁ አንዳችሁ ክሪንጅ የምትወዱ፣ ሌላችሁ ወጥ ቤት የምትሸሹ ከሆነ ደግሞ፣ "ጉርሜ ናይት"ን መጀመሪያ አብራችሁ እዩ። ከዚያ "ዲነር ፓርቲ"ን ክፈቱ። የሸሸው ሰው መቼ እንደተነሳ ልብ በሉ። ቴሌቪዥኗ ስትታይ ከተነሳ፣ በቃ፣ ፎልቲን እስከ መጨረሻው አብራችሁ ጨርሱ፤ ብሬንትንና ላሪን ለብቻችሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ስጋው እስኪበስል ከቆየ ግን ተስፋ አለው። በሚቀጥለው ሳምንት የእንግሊዙን ኦፊስ ጀምሩለት። "ስኮትስ ቶትስ"ን ግን አታሳዩት።